ዋጋው የሚቀመስ የመኪና ኮድ ማንበቢያ እንዴት ይመረጣል? ለአዳማ ባለመኪናዎች የተዘጋጀ መመሪያ

በዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ቅርጽ ያለው ቢጫ መብራት (ቼክ ኢንጂን) ሲበራ የአዳማ ባለመኪና አብዛኛውን ጊዜ መኪናውን ወደ ጋራዥ ወስዶ «ኮምፒውተር ያሳያል»። አሠራሩ በራሱ ነውር የለበትም። ሆኖም መብራቱ በበራ ቁጥር የማሳያ ክፍያ አለ፤ ውጤቱም ብዙ ጊዜ በቃል ብቻ ስለሚነገር ባለቤቱ የትኛው ኮድ (የመኪናው ኮምፒውተር የሚመዘግበው የብልሽት ምልክት) እንደተነበበ፣ ሞተሩ በምን ሁኔታ ላይ ሳለ እንደተመዘገበ፣ ከጥገናው በኋላም ያው ኮድ ተመልሶ መጥቶ እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ አይኖረውም። በእጅ የሚያዝ አነስተኛ የኮድ ማንበቢያ፣ በተለምዶ ስካነር የምንለው መሣሪያ፣ ይህን ክፍተት ይሞላል። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መከልከሉን በጥር 2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለውን የቤንዚን ወይም የናፍጣ መኪና ተንከባክቦ ማቆየት የብዙ ሰው ሐሳብ ሆኗል።

መመሪያው የተዘጋጀው መካኒክ ላልሆነ ባለመኪና ነው። ቅደም ተከተሉም ሆን ተብሎ ከመደብሩ መደርደሪያ ሳይሆን ከመኪናው ሶኬት ይጀምራል፤ መኪናዎን የማያነብ ስካነር በምንም ዋጋ ቢገዛ ውድ ነውና።

1ኛ. መኪናዎ በስካነር የሚነበብ መሆኑን ያረጋግጡ

በገበያ ላይ የሚገኙት ርካሽ ስካነሮች የሚሠሩት ኦቢዲ 2 በተባለው መስፈርት፣ ማለትም የመኪናው ኮምፒውተር ከስካነር ጋር በሚነጋገርበት የጋራ ደንብ ነው። ይህ መስፈርት የመጣው የመኪና ጭስ የሚያስከትለውን ብክለት ለመቆጣጠር በወጡ ሕጎች ሲሆን፣ አሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በገበያዋ በሚሸጡ የቤት መኪኖች ላይ ግዴታ አድርጋዋለች፤ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በቤንዚን መኪኖች ላይ ከ2001፣ በናፍጣ የቤት መኪኖች ላይ ከ2004 ጀምሮ አስፈጽሞታል። እዚህም ሆነ ከዚህ በታች የመኪና ሞዴል ዓመት ሲጠቀስ አቆጣጠሩ እ.ኤ.አ. ነው። በመሆኑም መኪናው የተሠራበት ዓመት ብቻ ሳይሆን የተሠራለት ገበያም መታወቅ አለበት። ለአውሮፓ የተሠራ የ2003 የቤንዚን ያሪስ በመደበኛ ስካነር ይነበባል፤ ጃፓን ለራሷ ገበያ የሠራችው የዚያው ዘመን ቪትዝ ግን ሶኬቱ ፍጹም ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ ከአንዳንድ ርካሽ ስካነሮች ጋር ላይግባባ ይችላል።

ስካነር የማያስፈልጋቸው መኪኖችም ጥቂት አይደሉም። ካርቡሬተር ያለው የድሮ ኮሮላ፣ 1ኤችዜድ ሞተር ያለው ላንድክሩዘር፣ የናፍጣ ፓምፑ በሜካኒካል የሚሠራ ሃይሉክስ ወይም ሃይስ፣ እንዲሁም ባጃጅ የሚነበብ የሞተር ኮምፒውተር የላቸውም፤ ለእነዚህ ስካነር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። በ1990ዎቹ የተሠሩ ኢንጀክሽን ያላቸው ብዙ ቶዮታዎች ኮምፒውተር ቢኖራቸውም ኮዳቸውን የሚሰጡት ኮፈን ውስጥ ባለች ትንሽ ባለክዳን ሳጥን በኩል ነው፤ «ቲኢ1» እና «ኢ1» የተባሉት ቀዳዳዎች በሽቦ ሲገናኙ የዳሽቦርዱ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ኮዱን በቁጥር ይናገራል፤ ይህንንም ልምድ ያለው የመኪና ኤሌክትሪሽያን ያለ ምንም ስካነር ያነበዋል።

አዳማ በጅቡቲ መንገድ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ ስለ ጭነት መኪናም አንድ ነገር መባል አለበት። አይሱዙን የመሳሰሉት የጭነት መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት በ24 ቮልት ሲሆን፣ ለቤት መኪና ተብሎ የተሠራ የ12 ቮልት ስካነር ቢሰካባቸው ሊቃጠል ይችላል። የቤት መኪናም የጭነት መኪናም ያለው ሰው ሁለቱን ቮልቴጅ እንደሚችል በግልጽ የተጻፈበት መሣሪያ ካልሆነ በቀር በአንድ ስካነር ለሁለቱም ልጠቀም ብሎ ማሰብ የለበትም።

የኤሌክትሪክ መኪናን በተመለከተ፣ ኦቢዲ 2 የጭስ መቆጣጠሪያ መስፈርት በመሆኑ ጭስ የሌለው መኪና እንዲታዘዝለት አይገደድም። ሶኬቱ ቢኖርም ርካሽ ስካነር ብዙውን ጊዜ ምንም አያገኝበትም፤ ለእነዚህ መኪኖች የአምራቹን ስም ጠቅሶ የባትሪና የሞተር መቆጣጠሪያውን አነባለሁ የሚል መሣሪያ ያስፈልጋል፤ እርሱም ከዚህ መመሪያ የዋጋ ክልል ውጭ ነው።

2ኛ. ሶኬቱን ይፈልጉና ፒኖቹን ይመልከቱ

ብዙ ገዢዎች የሚዘሉት፣ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያተርፈው ደረጃ ይህ ነው። ሶኬቱ በአብዛኛው በሾፌሩ በኩል ከዳሽቦርዱ ሥር፣ ከፔዳሎቹ በላይ ይገኛል፤ አንዳንድ ጊዜ በትንሽ ክዳን ይሸፈናል። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ በተዛወረ መኪና ላይ ግን ሶኬቱ በቀድሞው ቦታ ቀርቶ በተሳፋሪው በኩል ሊገኝ ስለሚችል በሁለቱም ወገን ይፈልጉ። ቅርጹ አንዱ ጎኑ ሰፋ ሌላው ጠበብ ያለ ሆኖ በሁለት ረድፍ 16 ቀዳዳዎች አሉት።

በእጅ ስልክዎ መብራት አብርተው ከፊት ለፊቱ ፎቶ ያንሱት። ሰፊው ጎን ወደ ላይ ሆኖ ሲታይ የላይኛው ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ ከ1 እስከ 8፣ የታችኛው ከ9 እስከ 16 ይቆጠራል። ሁሉም ቀዳዳዎች ብረት (ፒን) አይኖራቸውም፤ ቁም ነገሩም ያለው የትኞቹ ብረት እንዳላቸው በመለየት ላይ ነው። 16ኛው ከባትሪ በቀጥታ ኃይል የሚመጣበት፣ 4ኛው እና 5ኛው ደግሞ የአሉታዊው መስመር ናቸው፤ እነዚህ በሁሉም መኪና ላይ ይገኛሉ። 6ኛው እና 14ኛው ብረት ካላቸው መኪናው ካን የተባለውን አዲሱን የመነጋገሪያ መንገድ ይጠቀማል ማለት ነው፤ አሜሪካ ይህን መንገድ ከ2008 ሞዴል ጀምሮ ብቸኛው አድርጋዋለች፤ ዛሬ የሚሸጥ ማንኛውም ስካነር ማለት ይቻላል ካንን ያነባል። 6ኛውና 14ኛው ባዶ ሆነው 7ኛው ብቻ፣ ወይም 7ኛው ከ15ኛው ጋር ብረት ካለው ግን መኪናው ኬ-ላይን የተባለውን የቀድሞ መስመር የሚጠቀም ስለሆነ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በከተማችን በብዛት የሚታዩት በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ አነስተኛ መኪኖች ብዙዎቹ በዚህ ወገን ይመደባሉ። 2ኛው እና 10ኛው በዋናነት የሚሠሩት በድሮ የአሜሪካ መኪኖች ላይ ነው።

ፎቶውን ሲያነሱ ወደ ቀዳዳዎቹ ሽቦም ሆነ መፍቻ አያስገቡ። 16ኛው ፒን ቁልፉ ተነቅሎም ቢሆን ኃይል አለው፤ በብረት ከ4ኛው ጋር ቢገናኝ ፊውዝ ያቃጥላል።

3ኛ. ከስካነሩ የሚፈልጉትን ለይተው ይወስኑ

የቼክ ኢንጂን መብራትን ምክንያት ማወቅ፣ ኮዱን መዝግቦ ለመካኒክ ማሳየትና ከጥገና በኋላ ማጥፋት ብቻ ከፈለጉ የሞተሩን ኮምፒውተር ብቻ የሚያነበው ዝቅተኛው ዓይነት ይበቃዎታል። ይሁን እንጂ ዝቅተኛ የሚባለውም ቢሆን አራት ነገሮች ሊኖሩት ይገባል፤ እነርሱም የጸኑ (መብራቱን ያበሩ) ኮዶችን ማንበብ፣ ገና በመጠባበቅ ላይ ያሉ (መብራቱን ያላበሩ) ኮዶችን ማንበብ፣ ኮዱ በተመዘገበበት ቅጽበት የነበረውን የሞተር ሁኔታ ማሳየት፣ እንዲሁም የሴንሰሮችን ንባብ በቀጥታ ማሳየት ናቸው። አራተኛው ከሁሉም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ኮድ ችግሩ ያለበትን ሰፈር ይጠቁማል እንጂ ቤቱን አይነግርም፤ ቤቱን ለማግኘት የሚያስችለው የቀጥታ ንባቡ ነው።

ለምሳሌ ፒ0171 የተባለው ኮድ በሲሊንደር የሚገባው ድብልቅ ነዳጁ አንሶ አየሩ መብዛቱን ብቻ ነው የሚናገረው። ምክንያቱ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ሴንሰር፣ የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ወይም የተደፈነ የነዳጅ ማጣሪያ ሊሆን ይችላል። ኮዱን ብቻ አይቶ የኦክስጅን ሴንሰር የሚቀይር ሰው አለ፤ ሴንሰሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያየውን በትክክል የመሰከረ ነው። የአቧራው ነገር በሚታወቅበት በስምጥ ሸለቆው አካባቢ የአየር ማጣሪያውንና የአየር ሴንሰሩን አስቀድሞ ማየት ምክንያታዊ ነው።

በዳሽቦርዱ ላይ የበራው የኤቢኤስ (የፍሬን መቆጣጠሪያ) ወይም የኤርባግ መብራት ከሆነ ግን ጉዳዩ ይለያል። የሞተርን ኮምፒውተር ብቻ የሚያነብ ስካነር እነዚህን አያያቸውም፤ «ምንም ኮድ የለም» ብሎ ሊያሳስትዎትም ይችላል። ሞተርን፣ ካምቢዮን፣ ኤቢኤስንና ኤርባግን የሚያነብ ባለአራት ሥርዓት የሚባል ዓይነት አለ፤ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ከእርስዎ መኪና ጋር የሚሠራ መሆኑም በሞዴል ዝርዝሩ መረጋገጥ አለበት። ቁልፍ ማስለመድ፣ ኢንጀክተር ኮድ ማድረግና የመሳሰሉት ሥራዎች ከርካሽ ስካነር የሚጠበቁ አይደሉም፤ ለእነዚህ ጋራዥ መክፈል ይሻላል።

4ኛ. ገመድ ያለውን ወይስ በስልክ የሚሠራውን?

ርካሾቹ ስካነሮች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው የራሱ ስክሪንና ገመድ ያለው ሲሆን፣ አንሴል፣ ፎክስዌል፣ አውቴል፣ ላውንችና ኮንዌይ በሚባሉ ስሞች የሚሸጡት አነስተኛ መሣሪያዎች እዚህ ይመደባሉ። ሁለተኛው በብሉቱዝ ወይም በዋይፋይ ከስልክ ጋር የሚገናኝ፣ ሶኬቱ ላይ የሚሰካ ትንሽ ቁራጭ ነው፤ ኤልም 327 የሚለው ስም አብዛኛውን ጊዜ በላዩ ይጻፋል።

ባለገመዱ ከሶኬቱ ራሱ ኃይል ያገኛል፣ ስልክና መተግበሪያ አይጠይቅም፣ ለመካኒክም ሰጥቶ ማሳየት ይቻላል። ጉድለቱ ስክሪኑ ትንሽ መሆኑና አንዳንዱም በአዳማ የቀትር ፀሐይ በቀላሉ የማይነበብ መሆኑ ነው። በስልክ የሚሠራው ዋጋው ዝቅ ይላል፣ የሴንሰሮችን ንባብ በግራፍ በማሳየትም ይበልጣል። በዚያው ልክ በጥራት በጣም ይለያያል። ኤልም 327 በመጀመሪያ የአንድ የካናዳ ኩባንያ ቺፕ ነበር፤ ኩባንያው በ2022 እ.ኤ.አ. ሥራውን ዘግቷል፤ ገበያውን የሞላውም የቺፑ ቅጂ ነው። ኩባንያው 1.5 የሚል ስሪት አውጥቶ ስለማያውቅ በካርቶኑ ላይ «ስሪት 1.5» የሚል ጽሑፍ ቢያዩ በእርግጠኝነት ቅጂ መሆኑን ይወቁ። ቅጂ መሆኑ ብቻውን አያስጥለውም፤ ደህና የሚሠሩ ቅጂዎች አሉ። ችግሩ ከቅጂዎቹ አንዳንዶቹ ካንን ብቻ ይዘው ኬ-ላይንን መተዋቸው ነው፤ ስለሆነም ሶኬቱ ላይ 7ኛው ፒን ብቻ ያለው መኪና ባለቤት ከእነዚህ አንዱን ቢገዛ መሣሪያው ከስልኩ ጋር ይገናኛል፣ ከመኪናው ጋር ግን አይገናኝም።

የስልክዎ ዓይነትም ይወስናል። የተለመደው የብሉቱዝ ዓይነት ለአንድሮይድ ስልክ ይሠራል፤ አይፎን ያለው ሰው ግን ወይ የዋይፋይ ዓይነት ወይም ለአይፎን እንደሚሆን የተጻፈበትን አዲሱን የብሉቱዝ ዓይነት መፈለግ አለበት። ለአንድሮይድ ቶርክ እና ካር ስካነር የተባሉት መተግበሪያዎች በስፋት ያገለግላሉ።

በቅርጹ ከእነዚህ ጋር የሚመሳሰል፣ እዚያው ሶኬት ላይ የሚሰካ «ነዳጅ ቆጣቢ» የሚባል ዕቃም ይሸጣል። ስካነር አይደለም፤ ነዳጅም አይቆጥብም፤ በውስጡ ያለው መብራት ብልጭ ከማለት ያለፈ ሥራ የለውም።

ለእኔ ምርጫው እንዲህ ነው፦ መኪናው ካን ያለው ከሆነና ባለቤቱ ስልክ መጠቀም የሚቀናው ከሆነ የብሉቱዙ ይሁን፤ መኪናው የኬ-ላይን ከሆነ ወይም መሣሪያው ከቤተሰብ ወደ ቤተሰብ የሚዘዋወር ከሆነ ባለገመዱ ይሻላል።

5ኛ. ዋጋውን በምን ይመዝኑ?

የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ እዚህ ላይ ቁርጥ ያለ የብር መጠን መጻፍ አይጠቅምም። የሚሻለው የሚጠየቁትን ዋጋ በሰፈርዎ ጋራዥ አንድ ጊዜ ኮምፒውተር ለማሳየት ከሚከፍሉት ሒሳብ ጋር ማነጻጸር ነው። ስካነሩ ከጥቂት የማሳያ ክፍያዎች የማይበልጥ ከሆነ ግዢው ይክሳል። ብዙ እጥፍ ከሆነና መኪናዎም እምብዛም የማይታመም ከሆነ ከዘመድ ወይም ከጎረቤት ጋር በጋራ መግዛት ይቻላል፤ ቼክ ኢንጂን በየቀኑ የሚታይ ነገር አይደለምና መሣሪያው ብዙ ጊዜ በመሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀመጠው።

ከመግዣው ዋጋ በስተጀርባ የሚመጣ ወጪም አለ። አንዳንድ መሣሪያዎች የመጀመሪያው ዓመት ሲያልፍ ለሶፍትዌር ማሻሻያ በየዓመቱ ክፍያ ይጠይቃሉ፤ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ በሚሠራ ካርድ በኢንተርኔት የሚፈጸም በመሆኑ እንዲህ ያለ ካርድ ለሌለው ሰው መሣሪያው በሩ ተዘጋበት ማለት ነው። ስለዚህ ሻጩን «ክፍያው ካለቀ በኋላ መሣሪያው ማንበቡን ይቀጥላል ወይስ ያቆማል?» ብለው ይጠይቁ። ያገለገለ ስካነር የሚገዙ ከሆነ ደግሞ በቀድሞው ባለቤት ስም የተመዘገበና የእርሱን የይለፍ ቃል የሚጠይቅ አለመሆኑን እዚያው ከፍተው ይዩ።

በአዳማ ካሉ የኤሌክትሮኒክስና የመለዋወጫ መደብሮች ያጡትን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሊያገኙት ይችላሉ። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ግን እዚሁ ይግዙ፤ ያልሠራን ዕቃ ለመመለስ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መንዳት የፍጥነት መንገዱን ክፍያና ነዳጁን ሲጨምሩበት የዋጋውን ልዩነት ይበላዋል። አዲስ አበባ የግድ ከሆነ በዚያው መኪና ይሂዱ።

6ኛ. ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት በራስዎ መኪና ላይ ይሞክሩት

በሻጩ መኪና ላይ መሥራቱ ለእርስዎ ማስረጃ አይሆንም። መኪናዎን ከመደብሩ ደጃፍ አቁመው የሚከተለውን በቅደም ተከተል ያድርጉ፤ ፈቃደኛ ያልሆነ ሻጭ ቢያጋጥምዎ ሌላ ሻጭ ይፈልጉ።

ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉም ተዘግቶ ስካነሩን ይሰኩት። ባለገመዱ ወዲያው ስክሪኑ መብራት፣ የብሉቱዙም መብራቱ መታየት አለበት። ምንም ካልበራ ስካነሩን ከመኮነንዎ በፊት የመኪናዎን ፊውዝ ያስፈትሹ፤ በብዙ መኪኖች ላይ የዚህ ሶኬት ኃይል ከሲጋራ ማቀጣጠያው ጋር በአንድ ፊውዝ ስለሚያልፍ፣ የስልክ ቻርጀር ያቃጠለው ፊውዝ ሶኬቱንም ሙት ያደርገዋል።

ቀጥሎ ሞተሩን ሳያስነሡ ቁልፉን የዳሽቦርዱ መብራቶች እስኪበሩ ድረስ ይክፈቱና ስካነሩ ከመኪናው ጋር እንዲገናኝ ያድርጉ። ኬ-ላይን ያላቸው መኪኖች ለመገናኘት ትንሽ ይዘገያሉ፤ ስለዚህ ታግሠው ይጠብቁ። ከተገናኘ በኋላ ኮድ ማንበብ ላይ አይቸኩሉ፤ ወደ ቀጥታ ንባቡ ገብተው ቁጥሮቹ እውነት መሆናቸውን ይመርምሩ።

ለዚህ ጥሩ መመዘኛ የሚሆነው የአየር ግፊት ነው። ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ሲከፈት የማኒፎልድ (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚከፋፈልበት ቱቦ) ግፊት ሴንሰር ያለው መኪና የሚያሳየው የአካባቢውን የአየር ግፊት ነው። በባሕር ወለል ላይ ይህ ቁጥር 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው አዳማ ግን 83 አካባቢ መሆን አለበት፤ አዲስ አበባ ላይ 76 ገደማ ይወርዳል። ስካነሩ አዳማ ላይ ከ82 እስከ 85 ባለው ውስጥ ካሳየ ከሴንሰሩ ጋር በትክክል እየተነጋገረ ነው። ይህን ቁጥር ማወቅ ለኋላም ይጠቅማል፤ የውጭ አገር መጽሐፍ 100 መሆን አለበት ስላለ ብቻ ጤነኛ ሴንሰር ተበላሽቷል ተብሎ እንዳይቀየር ያደርጋል። ይህ ሴንሰር የሌላቸው፣ በአየር ፍሰት መለኪያ ብቻ የሚሠሩ መኪኖችም የአካባቢ ግፊትን ለብቻው ሊያሳዩ ይችላሉ።

ሌላው ማነጻጸሪያ የሙቀት መጠን ነው። መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ካደረ በኋላ የራዲያተር ውኃና የሚገባው አየር ሙቀት ተቀራራቢ ቁጥር ማሳየት አለባቸው፤ ይህን ግን መኪናው ሞቆ በሚደርስበት በመደብር ደጃፍ ማየት ስለማይቻል ለማግሥቱ ጠዋት ያቆዩት። በመደብሩ ግን ሞተሩን አስነሥተው የባትሪው ቮልቴጅ ከ13.5 እስከ 14.5 ባለው ውስጥ መሆኑን ይመልከቱ፤ ነዳጅ ረገጥ ሲያደርጉም የሞተሩ ዙር በስካነሩ ላይ ከዳሽቦርዱ ቆጣሪ ጋር አብሮ መውጣትና መውረድ አለበት። ከዳሽቦርዱ በብዙ ሰከንድ ወደ ኋላ የሚቀር መሣሪያ ኮድ ለማንበብ ቢያገለግልም ለቀጥታ ንባብ አይበጅም።

ኮድ ማንበቡን ራሱን ለመፈተን ከፈለጉና ከአየር ማጣሪያው አጠገብ ያለው የአየር ሴንሰር ሶኬት በቀላሉ የሚነቀል ከሆነ፣ ቁልፉን ዘግተው ሶኬቱን ይንቀሉ፣ ከዚያ ሞተሩን ለአፍታ አስነሥተው ያንብቡ። እንደ ፒ0113 ወይም ፒ0102 ያለ ኮድ መምጣት አለበት። ከዚያ ቁልፉን ዘግተው ሶኬቱን ይመልሱና ኮዱን ያጥፉት። ፕላስቲኩ በሙቀት የደረቀ አሮጌ ሶኬት ከሆነ ግን ይተዉት፤ ማያያዣው ይሰበራል።

7ኛ. ከገዙ በኋላ፦ መጀመሪያ መመዝገብ፣ ከዚያ ማጥፋት

መብራቱ ሲበራ የሚነበበውን ኮድና ኮዱ በተመዘገበበት ቅጽበት የነበረውን መረጃ ከማጥፋትዎ በፊት ፎቶ ያንሱት። ኮድ ሲጠፋ ይህ መረጃ አብሮ ይጠፋል፤ መካኒኩም ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ይሁን ሞቆ፣ ቆሞ ይሁን በፍጥነት መንገድ ላይ እየሮጠ ችግሩ እንደተፈጠረ የሚያውቅበት ፍንጭ ያጣል።

ኮዱን መረዳት ከባድ አይደለም። የመጀመሪያው ፊደል ፒ ከሆነ ሞተርና ካምቢዮ፣ ሲ ከሆነ ፍሬንና ሳስፔንሽን (የጎማ ሞላዎች)፣ ቢ ከሆነ አካል፣ ዩ ከሆነ የኮምፒውተሮቹ መገናኛ ነው። ከፊደሉ ቀጥሎ ዜሮ ካለ ኮዱ ለሁሉም አምራች አንድ ዓይነት ትርጉም አለው፤ አንድ ካለ ግን የአምራቹ የራሱ ስለሆነ የመኪናዎን ስም ጨምረው ትርጉሙን መፈለግ አለብዎት። ፒ0301፣ ፒ0302 እያለ የሚሄደው በመጨረሻው ቁጥር በተጠቀሰው ሲሊንደር ውስጥ ነዳጁ በአግባቡ አለመቃጠሉን ይናገራል። እንዲህ ያለ ኮድ ሲመጣ ካንዴላ ወይም ኮይል ከመግዛትዎ በፊት የአንደኛውን ሲሊንደር ኮይል ከሦስተኛው ጋር እንዲቀያይሩት መካኒኩን ይጠይቁ፤ ኮዱ ተከትሎ ወደ ፒ0303 ከሄደ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው፤ ካልሄደ ካንዴላው፣ ኢንጀክተሩ ወይም የሲሊንደሩ ግፊት ይታይ።

ቼክ ኢንጂኑ ዝም ብሎ በርቶ ከቆየ ተረጋግቶ ወደ ጋራዥ መንዳት ይቻላል፤ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን ያልተቃጠለ ነዳጅ በጭስ ማውጫው ያለውን ጭስ አጣሪ ካታላይዘር እያቃጠለው ሊሆን ስለሚችል ፍጥነት ቀንሰው ይቁሙ። የራዲያተር ሙቀትና የዘይት ግፊት ቀይ መብራቶች ደግሞ የስካነር ጉዳይ አይደሉም፤ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ነው።

የብሉቱዙን ቁራጭ ሶኬቱ ላይ ሰክተው አይተዉት። ኃይል ሁልጊዜ ስለሚደርሰው መኪናው ለቀናት ሲቆም ባትሪ ይጨርሳል፤ ከፔዳሎቹ በላይ ስለሚሆንም እግር ሊነካው ይችላል።

8ኛ. ያገለገለ መኪና ሲገዙ

ርካሽ ስካነር አንድ ጊዜ ብቻ ሠርቶ ዋጋውን የሚመልሰው እዚህ ነው። ደላላው መኪናውን ሲያሳይዎት ቼክ ኢንጂኑ አለመብራቱ ብቻ አያጽናናዎት፤ ኮዱ ከመምጣትዎ ጥቂት ቀደም ብሎ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያ ቁልፉ ሲከፈት የቼክ ኢንጂን መብራቱ ለጥቂት ጊዜ መብራቱን ይመልከቱ፤ ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ ሆን ተብሎ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል።

ከዚያም በስካነሩ ላይ የመኪናው ኮምፒውተር የራሱን ምርመራዎች መጨረሱን የሚያሳየውን ገጽ ይክፈቱ፤ በአንዳንድ መሣሪያዎች ላይ «አይኤም ዝግጁነት» ይባላል። ኮድ ሲጠፋ እነዚህ ምርመራዎች በአብዛኛው ወደ «አልተጠናቀቀም» ይመለሳሉ፤ እንደገና ለመጠናቀቅም መኪናው በተለያየ ሁኔታ መነዳት አለበት። በየቀኑ ይነዳል የተባለ መኪና ምርመራዎቹ በአብዛኛው ያልተጠናቀቁ ሆነው ከተገኙ ወይ ኮድ በቅርቡ ጠፍቷል ወይም ባትሪ ተነቅሏል። ብዙ መኪኖች ኮድ ከጠፋ ወዲህ የተነዱበትን ኪሎ ሜትር ጭምር በቀጥታ ንባቡ ውስጥ ያሳያሉ። ቁጥሩ በጣም ትንሽ ከሆነ ሻጩን ምክንያቱን ይጠይቁትና ለመኪናው ረዘም ያለ የሙከራ ጉዞ ይጠይቁ፤ ለምሳሌ ወደ ሞጆ ደርሶ መመለስ ሞተሩ እንዲሞቅና በተለያየ ፍጥነት እንዲሠራ ዕድል ይሰጣል። ሲመለሱ በመጠባበቅ ላይ ያሉ ኮዶችን ያንብቡ፤ መብራቱን ገና ያላበራ ችግር መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው።

በመጨረሻም ስካነሩ የመኪናውን መለያ ቁጥር የሚያነብ ከሆነ በሊብሬው ላይ ከተጻፈው የሻንሲ ቁጥር ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩት። ካልተመሳሰለ የሞተሩ ኮምፒውተር ከሌላ መኪና የመጣ ሊሆን ስለሚችል ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ሻጩ በሰነድ እንዲያስረዳ ይጠይቁ። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ መኪኖች ባለ 17 ሆሄ መለያ ስለሌላቸው ስካነሩ ባዶ ቢያሳይ አይደንግጡ፤ በእነዚህ ላይ ማመሳከር ያለብዎት በመኪናው አካል ላይ የተመታውን ቁጥር ነው።